አራት ቁጥር ማብሪያ

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ኮሚቴ ውስጥ ከተቱኝ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ጠዋት ስብሰባ ስገባ ስሜ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ጠበቀኝ፦ «አቶ ታደሰ፣ የጥገና ክፍል ኃላፊ፣ አባል»። የካርቦን ኮሚቴ ነው የሚባለው። ሆስፒታላችን ስንት ጭስና በካይ ጋዝ ወደ ሰማይ እንደሚለቅ ቆጥረን፣ ከዚያ እንቀንሳለን ተብሏል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣበት ሆስፒታል! የወንዶች ሽንት ቤት በር ከጥምቀት ጀምሮ ወልቆ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እኛ ሰማይ ላይ ያለውን ልንቆጥር ነው።

ይህን የምጽፍበትን አጀንዳም ዛሬ ነው ያደሉን። ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ላዩ ላይ ቅጠል የተሳለበት። ደም ግፊቴን የምታየው ሐኪም «የሚያናድድዎትን ነገር ይጻፉት እንጂ ሆድዎ ውስጥ አያስቀምጡት» ብላኝ ነበር። እሺ፣ ይኸው እጽፋለሁ። በራሳቸው ወረቀት።

ስብሰባው ላይ ያየሁት፦
– ኤሲው በርቷል፣ መስኮቶቹ በሙሉ ተከፍተዋል።
– በእያንዳንዱ ሰው ፊት ሁለት ሁለት የታሸገ ውሃ።
– «ፕላስቲክ እንቀንስ» የሚል የፕላስቲክ ባነር።

ዳይሬክተሩ ባለፈው ወር ላንጋኖ ሦስት ቀን ሠልጥኖ መጥቷል። ስለ መኪና ጭስ ለመማር በሁለት ላንድክሩዘር ሄዱ። ፀሐዩ አቃጥሎት አፍንጫው እስካሁን ይላጣል። ከተመለሰ ወዲህ «ካርቦን» ሳይል ዐረፍተ ነገር አይዘጋም። ዛሬ መጨረሻ ላይ ዓርብ እንግዶች እንደሚመጡ፣ «አረንጓዴ ሆስፒታል» ተብለን ልንሸለምም እንደምንችል ነገረን። አሃ፣ አልኩ በሆዴ። ነገሩ ይኼ ነዋ!

የምትቆጥርልን ባለሙያም ተመድባለች። ሃዊ ትባላለች፣ የወንጂ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። «አከም ቡልተን፣ ጋሽ ታደሰ» ብላ ሰላም አለችኝ። መልሴን እንኳ ሳትጠብቅ ደብተሯን አወጣች።

«ጀኔሬተራችሁ በሰዓት ስንት ሊትር ናፍጣ ይጠጣል?»

«እንደ ጥሙ» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጻፈችው መሰለኝ።

ጡረታ ልወጣ አራት ወር ቀርቶኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ግቢ ገመድ ስጎትት ኖሬ፣ መጨረሻዬ ጭስ ቆጣሪ መሆን ሆነ። እግዚኦ!


ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ሴትዮዋን ይዤ ስዞር ዋልኩ። ጉልበቴ አለቀ።

መጀመሪያ ጀኔሬተር ቤት። ኦፕሬተሩ ጀማል ከሞጆ ተዛውሮ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ረመዳን ይዞ፣ ውሃ ሳይቀምስ፣ በዚያ እቶን ውስጥ ተቀምጧል። ናፍጣውን በምን እንደምንለካ ጠየቀችው። የባሕር ዛፍ ዱላችንን አሳያት። ዱላው ጋኑ ውስጥ ይገባል፣ የረጠበው እስከ የት እንደሆነ ይታያል፣ በቢላ የተቆረጡ ምልክቶች አሉት፣ አለቀ። መዝገቡን አምጣ አለችው። ገለጠች። «እንደ ትናንቱ» ይላል። ከሥሩም «እንደ ትናንቱ»። አሁንም አዞረች፤ «እንደ ትናንቱ»። እየገለጠች እየገለጠች የመስቀል ሰሞን ላይ ደረሰች።

«ጋሽ ታደሰ፣ የመጀመሪያው ትናንት የቱ ነው?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። አለቃ ነኝ።

ቀጥሎ ማብሪያዎቹን አየች። መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩ በራሱ ይነሣል፤ ክፍሎቹን ግን ኦፕሬተሩ ነው በእጁ አንድ በአንድ የሚያበራቸው። ሰባት ማብሪያዎች ናቸው። ስማቸው በፕላስተር ላይ በእኔ እጅ ተጽፏል፦ አንድ ቀዶ ሕክምና፣ ሁለት ማዋለጃ፣ ሦስት ላቦራቶሪ፣ አራት ቢሮ፣ እያለ ይሄዳል። ከጻፍኩት ዘመን የለውም። ፎቶ አነሣችው። እሷ ምን የማታነሣው አለ! ቆሻሻ ማቃጠያውን አነሣች። ኦክስጅን ጭኖ ከአዲስ አበባ የመጣውን አይሱዙ አነሣች፣ ሾፌሩን በስንት ሊትር እንደመጣ ጠየቀችው፣ ልጁ ትራፊክ ፖሊስ መስላው ተንተባተበ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ደግሞ የማደንዘዣውን ጠርሙስ ይዛ ቆመች።

«ከዚህ የሚወጣው ጋዝ ሰማዩን ያሞቃል፣ ከመኪና ጭስም ይከፋል» አለችኝ።

ታማሚውን ያስተኛል እንጂ ሰማዩን ምን አግኝቶት! ደግሞ የአዳማ ሰማይ ማሞቂያ አጥቶ ያውቃል? ዛሬ እንኳ ነፋሱ አቧራውን ከነሙቀቱ አፌ ውስጥ ሲሞጅረው ዋለ።

ማሞቂያ ክፍል ስንደርስ ግን፣ አልዋሽም፣ ደረቴን ነፋሁ። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ነው። ድሮ የሒሳብ ሠራተኞች ቢሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሕፃናቱ ሲበዙ፣ ቢሮዎቹ ሁሉ አዳራሹ ወዳለበት አዲሱ ሕንፃ ሄዱና ሕፃናቱ ገቡበት። እያንዳንዷን ሶኬት የተከልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሰባት ናቸው፤ ሦስቱ ኦክስጅን በሚሠራ ማሽን ላይ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዘነበች ገና ከበሩ «ጫማ! ጫማ!» ብላ አፈጠጠችብን።

አንዷ ሕፃን ከመተሐራ የመጣች ናት። እናቷ ታደለች ትባላለች፣ ባሏ አገዳ ቆራጭ ነው። መንታ ነበሩ፣ ወንዱ አልተረፈም። ልጅቷ ከመዳፌ ብትበልጥ በጥቂት ነው። ሃዊ እሷ ጋ ብዙ ቆመች፤ እዚያ ምንም አልቆጠረችም። ስንወጣ ግን ጣሪያው ሥር የሚሄደውን ገመድ ቀና ብላ በዓይኗ ስትከተል፣ በኮሪደሩ ስትሄድ፣ ከአንድ አስታማሚ ጋር ተጋጨች። ሱስ ነው የያዛት።


ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ዛሬ ደግሞ የመቀነሻ ስብሰባ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። የቀረቡት ሐሳቦች፦
– ችግኝ መትከል። (ባለፈው ዓመት የተከልናቸውን ፍየል በላቸው።)
– ሠራተኛው አረንጓዴ ቲሸርት ይልበስ። (ያመጣው የፋርማሲው ኃላፊ ነው። ሌላ ማን ሊሆን!)
– መብራት ሲጠፋ ጀኔሬተሩ ለቢሮዎች እንዳይሠራ፣ ናፍጣ እንድንቆጥብ።

የመጨረሻውን ዳይሬክተሩ ራሱ ነው ያመጣው። እሰይ! ከዚህ አዳራሽ የወጣ አንድ ጤነኛ ሐሳብ ሰማሁ። ከማንም ቀድሜ አጨበጨብኩ። ኤሲ በሌለበት ይቀመጥና ላቡ ይውረድ፣ እኛን በየቀኑ የሚያልበንን እሱም ይቅመሰው። ከነገ ይጀመር ተባለ፣ ዓርብ ለእንግዶቹ እንድናወራው።

ከሰዓት ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ይዛ ዞረች። የውሃ ፓምፕ ፈትቼ፣ እጄ ቅባት በቅባት ሆኖ ነው ያገኘችኝ።

«የት ልፈርም?»

«እዚህ፣ እዚህና እዚህ። አባሪም አለው፣ ጋሽ ታደሰ።»

«ይኑረው» አልኳት።

ፈረምኩ። ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ሰው በዚህ ሆስፒታል አይቼ አላውቅም። ስብሰባው ላይ ያልነበረም ይፈርማል። የዓመት ፈቃድ ላይ ያለችው የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ስትመለስ ትፈርማለች፣ ምን እንደተባለም አትጠይቅም። አጠገቤ የቆመችው ሃዊ ብቻ «ኮፒ ስጪኝ፣ ቤት ወስጄ አነበዋለሁ» አለቻት። ጸሐፊዋ ዞር ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ሁለታችንም ሳቅን።

ወዲያው ሃዊ ዞር ብላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጋሽ ታደሰ፣ የወንዶቹን ሽንት ቤት በር የሚጠግነው የትኛው ክፍል ነው?»

ምላሷ ይቆረጥ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 11

እንደሚሆን አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ባነር ስሰቅል ነበር። «ወደ አረንጓዴ ሆስፒታላችን እንኳን ደህና መጡ»። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ኤሌክትሪሺያን ጨርቅ ሰቃይ ሆኗል፤ ንዴቴ ጆሮዬ ድረስ ወጥቷል። ሃዊ ከመሰላሉ ሥር መጥታ ቆመች። በእጇ ቃለ ጉባኤው፣ በትከሻዋ ያ ገመዱን ነክሶ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ የሚያሳየው መለኪያዋ።

«ጋሽ ታደሰ፣ አራት ቁጥር ላይ አንድ ነገር አለ። አንድ ደቂቃ ይስጡኝ።»

«ቁጥርሽን ለዳይሬክተሩ ንገሪ፣ ቁጥር የሚወደው እሱ ነው።»

«እሳቸው አላወቁትም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ቢሮ ከሆነ ሰው በሌለበት ሰዓትም ለምን እኩል...»

«ልጄ፣ መሰላል ላይ ነኝ እኮ!»

ሄደች። ደስ አለኝ። እንዲህ ብዬ ልጻፈው፤ ደስ አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ፣ አራት ሰዓት ግድም፣ መብራት ጠፋ። ጀኔሬተሩ ተነሣ። ድምፁን ሰምቼ በራሴ ኮራሁ፣ ባነሬንም ማሰር ቀጠልኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳሰርኩ አላውቅም። ከዚያ የሲስተር ዘነበችን ጩኸት ሰማሁ። «ኧረ መብራት! ኧረ ልጆቹን! የጀኔሬተር ያለህ!»

መሰላሉ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። አራት። ቢሮ። ሕፃናቱ ድሮ ቢሮ በነበረው ክፍል ነው ያሉት፣ ገመዱ ያው የድሮው ገመድ ነው፣ ፕላስተሩ ላይ ያለው ያው የድሮው ስም ነው። ቢሮ የሚለውን ሕፃናት ብዬ መቀየር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገ ነገ እያልኩ። የድሮዎቹ ኦፕሬተሮች አራት ማለት ሕፃናቱ እንደሆኑ በልባቸው ያውቁት ነበር። ጀማል ግን አዲስ ነው።

እንዴት እንደወረድኩ እንጃ። ጀኔሬተር ቤት ስደርስ ሃዊ ቀድማኛለች፣ አንድ እግር ጫማዋ ግቢው ላይ ቀርቷል። ጀማል ወረቀት ይዞ ይማላል። «ወላሂ ትእዛዝ ነው! አባሪው አራትን አታብራ ይላል። ይኸው የጋሽ ታደሰ ፊርማ!» እኔን ሲያይ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። አራትን ያበራችው እሷ ናት። እኔ ቆሜ ነበር።

ማሞቂያ ክፍል ሮጥን። ዛሬ ማንም ጫማ አላለንም። ሲስተር ዘነበች በላብ ተጠምቃ፣ በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ፊኛ የታደለች ልጅ አፍንጫ ላይ ይዛ ደጋግማ ትጨምቃለች። እናቶቹ ልጆቻቸውን ከደረታቸው ለጥፈው በየጥጉ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ሰማያዊ ሆና ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ከንፈሯ ገና አልተመለሰም።

«ስንት ደቂቃ ቆየ?» አለ ሐኪሙ። ማንም አላወቀም። ሃዊ ነች የመለሰችለት። «ስድስት።» ሰዓቷን አይታ ነበራ።

ሌሎቹ ስድስት ሕፃናት ደህና ናቸው። የታደለች ልጅ ትተነፍሳለች፤ ሐኪሙ ግን «እንግዲህ ነገ እናያለን» ብቻ ነው ያለው።


ዓርብ፣ መጋቢት 12

ልጅቷ አድራለች። መጀመሪያ ይህን ልጻፈው። ጡት የመሳብ አቅም ግን የላትም አለች ሲስተር ዘነበች፣ ፊቴን ሳታይ።

ዳይሬክተሩ እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ኮሚቴውን ሰበሰበ። የሐሙሱን ነገር «ትንሽ መስተጓጎል» ብሎ ጠራው። አፉን ሞልቶ! «የኦፕሬተር ስሕተት ነው፣ ደብዳቤው ተዘጋጅቷል፣ ለጊዜው ከሥራ ይታገዳል» አለ። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። ከመካከላቸው አባሪውን ያነበበ አንድም ሰው የለም፣ ሁሉም ግን ፈርሞበታል። ሃዊ እጇን አነሣች፤ «በኋላ» ተባለች። ጀማል ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሦስት ልጆች አሉት።

ሰዎቹን ናቅኳቸው። እንዴት እንደናቅኳቸው! አንድ በአንድ እያየሁ፣ ይህ ፈሪ፣ ይህች አድርባይ፣ ይህ ሆዳም እያልኩ ዞርኩና ዞሬ ራሴ ላይ ደረስኩ። እኔም እኮ አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

እንግዶቹ አምስት ናቸው፣ ጥሩ ሰዎች ይመስላሉ። ዳይሬክተሩ ግቢውን እያዞረ ችግኝ አሳያቸው፤ ትናንት የተተከለ ነው። ማሞቂያ ክፍሉ አጠገብ ስንደርስ አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴት «ናፍጣውን እንዴት ቀነሳችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«የቢሮዎችን ኤሌክትሪክ በማቋረጥ» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ከአፌ ወጣ። «ቢሮ የተባለው ይኸውላችሁ» አልኩና መስታወቱን አሳየኋቸው። ከመስታወቱ ኋላ ታደለች ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ማብሪያው ላይ የተሳሳተውን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ሳላነብ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ሃዊ ልትነግረኝ ስትመጣ ያባረርኳትም እኔው። ኦፕሬተሩ የተጻፈለትን ነው የፈጸመው።»

የዳይሬክተሩ የተላጠ አፍንጫ ቀላ። መነጽር ያደረጉት ሴትዮ ወደ ሃዊ ዞረው «አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አሏት። «ለክቼው ነው» አለች። «በቀንም በማታም፣ ሠራተኛ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። እንደዚያ የሚሠራ ቢሮ በአገራችን የለም።»

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ከየት እንደመጣብን አላውቅም፣ እኔ ዓይኔን ጠረግኩ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ደብዳቤው ተጽፏል። የጀማል ስም ወጥቶ የእኔ ገብቷል፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። እነሱ ሲጽፉ ሌላውን ቃል እንኳ አልለወጡትም፣ «ኦፕሬተሩ» ይለኛል። ተቀበልኩት። ይህኛውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ ከዚያ ፈረምኩ። ዳይሬክተሩ «በጡረታዎ ዋዜማ ምን ነካዎት፣ ጋሽ ታደሰ?» አለኝ። ሽልማቱ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ላንጋኖ ሌላ ሥልጠና ሳይኖር አይቀርም፣ ያጽናኑታል።

ጀማል ሥራው ላይ ነው። ጠዋት ስገባ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ዛሬ የሠራሁት፦
– ሰባቱን ማብሪያዎች ከሃዊ ጋር እየለካን እንደገና ስም ጻፍን። በቀለም፣ በፕላስተር አይደለም። አራት አሁን «ሕፃናት» ይላል፣ በቀይ። ከሁሉም በፊት እሱ ይበራል።
– እውነተኛዎቹ ቢሮዎች ያሉት ሰባት ቁጥር ላይ ነው፣ ከአዳራሹ ጋር። መብራት ሲጠፋ የማይበራው አሁን እሱ ነው። ከሆስፒታሉ ሁሉ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጎትተውም እሱ ሆኖ ተገኘ፤ ኤሲ ብቻ! ሃዊ ቁጥሩን ስታሳየኝ በደስታ ጮኽኩ።
– ሰው የማይገባበት የመዝገብ ክፍል ኤሲ ሲሠራ አገኘነው። ወረቀት ሲያቀዘቅዝ ስንት ዓመቱ ይሆን? አጠፋሁት።
– የሽንት ቤቱን በር ገጠምኩ። አምስት ብሎን ነው የፈጀው። አፈርኩ።

ሃዊን ይቅርታ ልላት ፈልጌ ቀኑን ሙሉ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። መጨረሻ ላይ «ያን ቀን መሰላል ላይ...» ብዬ ጀመርኩ። «ጋሽ ታደሰ፣ ጀኔሬተሩ በሰዓት ስንት ይጠጣል?» አለችኝ። ዱላውን ይዤ ሄድኩ፣ ነከርኩ፣ ሰዓት ያዝኩ፣ እንደገና ነከርኩ፣ ቁጥሩን አምጥቼ ሰጠኋት። «ገለቶማ» ብላ አመሰገነችኝና ጻፈች። መዝገቡ ላይም እኔ ጻፍኩት። «እንደ ትናንቱ» አይልም።


እሑድ፣ መጋቢት 14

ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ዕረፍቴ ነው፣ ግን ቤት መቀመጥ አልቻልኩም።

ጫማዬን አውልቄ ማሞቂያ ክፍል ገባሁ። ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ጡት ሳበች አሉኝ። ጥቂት፣ ከዚያ ደክሟት ተኛች። ሐኪሙ አሁንም «እናያለን» ነው የሚለው።

ታደለች ስታየኝ ከወንበሯ ልትነሣ አለች። «ጋሼ፣ ያን ዕለት መብራቱን የመለሱት እርስዎ ነዎት አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት።»

ብቀበለውስ? አንድ ቃል ብቻ ነው፣ አሜን ማለት ነው።

«አይደለሁም፣ የእኔ ልጅ» አልኳት። «የመለሰችው ሃዊ ናት። እንዲጠፋ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳላነብ ፈርሜ።»

ብዙ አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ እንድትሰድበኝም ፈለግኩ። አልሰደበችኝም። ልጇን አየች፣ ማሽኑን አየች፣ ከዚያ «አሁንስ አይጠፋም?» አለችኝ።

አይጠፋም ልላት አልቻልኩም። አዳማ ነው ያለነው።

«ይጠፋል» አልኳት። «ግን ይመጣል።»

ቃሌን ሳልጨርስ ይሁን ጨርሼ፣ ድርግም አለ። ማሽኖቹ ዝም አሉ። ሲስተር ዘነበች ፊኛዋን ብድግ አደረገች፣ ታደለች ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈች፣ ሁለቱም እኔን አዩኝ። ጀኔሬተሩ ከሩቅ ሲነሣ ሰማሁት። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። በድምፅ ነበር መሰለኝ፣ ምክንያቱም ታደለች አብራኝ ትቆጥር ነበር። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ። ሃያ አንድ ላይ እግሬ ወደ በሩ ዞረ።

ሃያ ሦስት ላይ በራ።

«ሃያ ሦስት» አለች ታደለች፣ ትንፋሿን እየለቀቀች። ልጅቷ አልነቃችም፤ ከንፈሯን ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ቀይ ነው። ሃያ ሦስት ሰከንድ ብዙ ነው። ነገ ከጀማልና ከሃዊ ጋር እንዴት ወደ አሥር እንደምናወርደው እናያለን።